የእናቴ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ቲ ፎር ልክ ነው፤ ምን ማለት ይሆን?

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ፤ የምጠይቃችሁ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ስላለባት እናቴ ነው። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን የተባለ ኪኒን 50 ማይክሮግራም ስትወስድ ቆይታ ሐኪሟ ወደ 75 አሳደገላት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ስትመረመር ቲኤስኤች 8.9 ሆነ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ልክ ከ0.4 እስከ 4.0 ነው። ፍሪ ቲ ፎር፣ ማለትም በደሟ ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን፣ ግን ልኩ ውስጥ ነው።

ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ ትእዛዝ እንደሆነ፣ ታይሮይድ ሲደክም እንደሚጨምርም ገብቶኛል። ታዲያ ሆርሞኑ በደሟ ውስጥ በቂ ከሆነ ትእዛዙ ለምን አልቀነሰም? ቲኤስኤች ዘግይቶ ስለሚስተካከል ነው ወይስ መድኃኒቱ በደንብ እየገባ አይደለም?

የምጠረጥረው ነገር አለ። ኪኒኑን ሱብሒ ሰግዳ ትውጥና ወዲያው ቡና ይቀርባል፤ ወሎ ቤት ያለ ቡና አይነጋም። የደም ማነስም ስላለባት የብረት ኪኒን ከቁርስ ጋር ትወስዳለች። ብረት ከሌቮታይሮክሲን በአራት ሰዓት መራቅ እንዳለበት አንብቤያለሁ። ቡናውስ ምን ያህል ይቆይ? ኪኒኑን ማታ፣ እራት ከበላች ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብትውጠውስ?

የደሴ ብርድ ነው ብዬ እንዳልተወው፣ በቀትር ፀሐይ እንኳ ጋቢው ከላይዋ አይወርድም። ድካሟ ያሳስበኛል።

ይህን ያለፋችሁበት ወይም በሙያው ያላችሁ፣ እባካችሁ ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቀው? መጠኑ ከመጨመሩ በፊት የምትወስድበት ሰዓት ተስተካክሎ እንደገና ብትመረመር ይሻላል?