ቤተ ጊዮርጊስን በሌጎ መሥራት፦ መጠኑ፣ የጡቡ ቅልቅልና ጣሪያው

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ያለን ጥቂት የሌጎ (የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ) ወዳጆች የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በጡብ ልንገነባ ተነሥተናል። መመሪያ ያለው ኪት የለንም፤ ንድፉን ከዜሮ ነው የምናወጣው። መጀመሪያ የቸገረን መጠኑ ነው፤ ግድግዳው በወረቀት ላይ አምሮ ጣሪያው ላይ ስንደርስ መስቀሎቹ አልገቡም። ሌላው ጡቡ ድብልቅ ነው። ከሰልባጅ የተገኘ ዋናው ሌጎ አለ፣ አብዛኛው የስታር ዋርስ መርከብና የኒንጃጎ (ስለ ኒንጃዎች የሆነው የሌጎ ዓይነት) ፍርስራሽ፣ ግራጫና ጥቁር የበዛበት። ከገበያ የተገዛ ቅጂም አለ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግድግዳው ከስምንተኛው ረድፍ በኋላ ይንጋደዳል። ሲያልቅ ደግሞ በስልክ አኒሜሽን ልንቀርጽበት ስለምናስብ የሌጎ ሰው አጠገቡ ሲቆም የሚያስቅ እንዳይሆን። የምታውቁ እስቲ ወዲህ በሉን።

ላስታ (ላሊበላ)

አብሽሩ፣ ይሠራል። ግን ከግድግዳ አትጀምሩ፤ መጠኑን የሚወስነው ጣሪያው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ጣሪያው ከዙሪያው ዓለት ጋር እኩል ነው፤ ተመልካችም ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። ላዩ ላይ ክንፋቸው እኩል የሆነ ሦስት መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ መስመር ከአንድ ጉጥ ሊቀጥን አይችልም፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ። (ጉጥ የምለው ጡቡ አናት ላይ ያለችውን ክብ ነው።) አሁን አንዱን ክንፍ በወርዱ ቁጠሩት፦ መስመር 1፣ ክፍተት 1፣ መስመር 1፣ ክፍተት 1፣ መሃለኛው መስቀል 2፣ ክፍተት 1፣ መስመር 1፣ ክፍተት 1፣ መስመር 1። ድምሩ 10።

ክንፉ 10 ከሆነ ጠቅላላው 30 በ30 ጉጥ ነው። ከጉጥ እስከ ጉጥ 8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይህ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ወደ 12 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 1 ለ50 ነው የምትሠሩት። ቁመቱም ወደ 12 ሜትር ስለሆነ 24 ሴንቲ ያስፈልጋችኋል፤ አንድ ጡብ ከፍታው 9.6 ሚሊ ነውና ልክ 25 ረድፍ ይመጣል፣ ስስ ፕሌት (ከፍታው የጡብ ሲሶ የሆነውን) ጣልቃ ማስገባት ሳያስፈልግ። የሌጎ ሰው 4 ሴንቲ ገደማ ነው፤ በዚህ መጠን 2 ሜትር ይሆናል። ትንሽ ረዘም ያለ ቄስ ማንንም አያስቅም።

ግድግዳውን 2 ጉጥ ውፍረት አድርጉት። አንዱ ረድፍ 224 ጉጥ ይወስዳል፣ በ2 በ4 ጡብ ሲቆጠር 28 ነው፤ ለ25 ረድፍ 700። አንዱ 2 በ4 ጡብ 2.3 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ግድግዳው ብቻ 1.6 ኪሎ ነው። የበርና የመስኮቱ ክፍተት ከዚህ ትንሽ ይቀንሳል።

መስኮት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመስቀል ቅርጽ በውጭ በኩል 12 ገጽ አለው። ከታች 3ቱ በር ናቸው፣ 9ኙ ክፍት ያልሆኑ የይምሰል መስኮቶች። ከላይ ግን በ12ቱም ላይ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ቅስት መስኮቶች አሉ። ለላይኛው መስኮት 1 በ4 የሆነውን ቅስት ጡብ ተጠቀሙ፤ ከሥሩ 2 ጉጥ ክፍተት ይተዋል፣ ከቅስቱ በግራና በቀኝ 3፣ 3 ጉጥ ይቀራል፤ ከቅስቱ 4 ጋር 10 ሞላ። ለታችኛው የይምሰል መስኮት የውጩን አንድ ጉጥ ብቻ ባዶ ተዉት፣ የውስጡ ንብርብር ይዘጋዋል። በታችኞቹ አራት ማዕዘን ላይ ወጣ ወጣ ያሉት የእንጨት ጫፍ መሳይ ነገሮች፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት፣ ካልተሠሩ ቤተ ጊዮርጊስ አይመስልም። በጎኑ ጉጥ ያለውን 1 በ1 ጡብ አስገቡና ጉጡ ላይ 1 በ1 ታይል (ከላዩ ጉጥ የሌለውን ስስ ሰሌዳ) ለጥፉ። ለበሮቹም ለ9ኙም በየአራት ማዕዘኑ 48 ያስፈልጋል። በሩን 4 ጉጥ አስፉት፤ የሌጎ ሰው ክንዱን ይዞ በ2 ጉጥ አያልፍም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድም ላስታ ልክ ነው፣ ግን 700 ጡብ በአንድ ቀለም ከየት ይመጣል? በግማሹ አድርጉት። 1 ለ100 ሲሆን 15 በ15 ጉጥ፣ ክንፉ 5፣ ቁመቱ 12 ጡብና አንድ ፕሌት። ጉድጓዱ ወደ 25 ሜትር በ25 ሜትር ስለሆነ 25 ሴንቲ ይሆናል፤ 32 በ32 የሆነው ቤዝፕሌት (ሥራው ሁሉ የሚቆምበት ሰፊ ስስ ሰሌዳ) ደግሞ 25.6 ሴንቲ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ጉድጓዱም በአንድ ሰሌዳ ላይ ያልቃል። ግድግዳው 1 ጉጥ ከሆነ በአንድ ረድፍ 56 ጉጥ ብቻ ነው።

ላስታ (ላሊበላ)

የጡብ ቁጠባው ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ክንፉ 5 ሲሆን መስመር፣ ክፍተት፣ መስመር፣ ክፍተት፣ መስመር ብለህ ታበቃለህ፤ ሁለት መስቀል ነው የሚወጣው፣ ሦስተኛው ይጠፋል። ሦስቱም ከነክፍተታቸው የሚገቡት ከ9 ጉጥ ጀምሮ ነው። በ5 ግድ ካለ ክፍተቱን ሰርዛችሁ በደረጃ ሥሩት፦ ውጨኛው ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው በአንድ ፕሌት ከፍ ብሎ፣ መሃለኛው በሁለት ፕሌት። ከሩቅ ያስኬዳል። አኒሜሽኑ ግን ይቀራል፤ በ1 ለ100 የሌጎ ሰው 4 ሜትር ግዙፍ ነው።

ሸዋ በር (ደሴ)

የሚንጋደደው ግድግዳ ምክንያቱ አንድ ነው፦ በአንዱ ረድፍ ላይ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን አድርጋችኋል። 10 ጡብ ከየዓይነቱ ደርድራችሁ በማስመሪያ ለኩ። የዋናው ሌጎ፣ የመጨረሻውን ጉጥ ሳትቆጥሩ፣ 96 ሚሊ ነው። ቅጂው 96.5 ከሆነ ልዩነቱ በ25 ረድፍ ከ1 ሚሊ በላይ ይሆናል፤ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይበልጥና የጣሪያው ፕሌት አልጫን ይላል። መፍትሔው ቅጂውን መጣል አይደለም። አንድ ረድፍ ስትጀምሩ ዙሪያውን በአንድ ዓይነት ጨርሱ፤ ያኔ ስሕተቱ በሁሉም ክንፍ እኩል ስለሚሆን ግድግዳው ቀጥ ይላል። በቅጂው ረድፍ ላይ ረጃጅሙን ጡብ ተዉት፣ 2 በ2 እና 2 በ3 ይሻላል፤ በርዝመት ያለው ስሕተት እየተጠራቀመ ጥጉ ላይ ሲደርስ ያብጣል። የመጀመሪያው ረድፍና ጣሪያውን የሚሸከመው የመጨረሻው ሁለት ረድፍ ግን ከዋናው ይሁን።

ግራጫው አይባክንም። 2 ጉጡን ግድግዳ ባለ 1 ጉጥ ሁለት ንብርብር አድርጉት፣ ውጩ ቡናማ፣ ውስጡ ግራጫና ጥቁር። በየአራተኛው ረድፍ ባለ 2 ጉጥ ጡብ አሳልፋችሁ ሁለቱን እሰሩ፤ ካልታሰረ ጣሪያውን ስትጫኑ ውጨኛው ንብርብር ይከፈታል። የመስቀሉ ጥግ ላይ ግንበኛ እንደሚያደርገው አጠላልፉ፣ አንዱ ረድፍ ከግራ ያለፈ ከሆነ ቀጣዩ ከቀኝ ይለፍ። በነገራችን ላይ የሌጎ ስታር ዋርስ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ስላለ ከረጢታችሁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ግራጫ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. 2004 አካባቢ ኩባንያው ግራጫውን ወደ ሰማያዊ ወደሚያደላ ለውጦታል። ከውስጥ ከገባ ለውጥ የለውም፣ ለዓለት ብላችሁ በውጭ ካዋላችሁት ግን ይታያል።

ለውጩ ቀለም ቀይ ቡናማ መሠረት ይሁንና ጠቆር ያለ ብርቱካን እዚህም እዚያም ጣል ጣል አድርጉበት፣ ድንጋዩ ላይ ቢጫ ሽበት ስላለ ጥቂት የአሸዋ ቀለምም አይከፋም። ጥንቃቄ፦ ከእ.ኤ.አ. 2010ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ቀይ ቡናማና ጥቁር ቀይ ሌጎ ይሰባበራል፤ የታወቀ ችግር ነው። ጫና በሚበዛበት ቦታ አታስገቡት፣ ስታላቅቁትም በጥርስ ሳይሆን በጡብ መንቀያው መሣሪያ።

ሰልባጁን ከመጠቀማችሁ በፊት ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፉ፣ ጉጡን በጥርስ ብሩሽ እሹት፣ ከዚያ ጥላ ላይ ፎጣ ላይ አስጡት። በፈላ ውኃ የታጠበ ጡብ ይጣመማል፣ አይያያዝምም። ፀሐይ ላይ ማስጣት ነጩንና ግራጫውን ያቢጫል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። በ1 ለ50 ልንሄድ ነው። ሁለት ነገር ይቀረናል፦ ጉድጓዱን በጡብ ከሠራነው ስንት ይፈጃል? ጣሪያውስ ከሥሩ ምን ይሸከመዋል?

ላስታ (ላሊበላ)

ጉድጓዱን በጡብ እንዳትሞክሩት። በ1 ለ50 ዙሪያው 64 በ64 ጉጥ፣ ጥልቀቱ 25 ረድፍ ነው፤ ባለ 1 ጉጥ ግድግዳ ብቻ 6,300 ጉጥ ይበላል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚበልጥ ማለት ነው። 50 ሴንቲ በ50 ሴንቲ ኤምዲኤፍ ከሥር፣ ለጎኖቹ 24 ሴንቲ ከፍታ ያለው ወፍራም ካርቶን በቂ ነው። ሰጋቱራ በኮላ ለውሳችሁ ካርቶኑ ላይ ቀቡትና ሳይደርቅ ቀይ አፈር ነስንሱበት፤ ሲደርቅ የተፈለፈለ ድንጋይ ይመስላል። ኮላው ከቀጠነ ካርቶኑ ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ይሁን፣ በሁለት ስስ ዙር ቀቡት፣ ከጀርባውም ቀጭን ጣውላ ለጥፉ።

ከአራቱ ጎን አንዱን ክፍት ተዉት። በጉድጓዱ ግድግዳና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል 13 ሴንቲ ገደማ ብቻ ስለሚቀር፣ 24 ሴንቲ ጥልቀት ውስጥ የታችኞቹ መስኮቶች ከላይ አይታዩም፤ ያን ሁሉ የዝንጀሮ ራስ ማንም ሳያየው ይቀራል። ለካሜራም ያው ክፍት ጎን ነው መግቢያው።

ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በአንድ 32 በ32 ቤዝፕሌት ላይ ይቆማል፦ 30ው ግድግዳ፣ በየጎኑ 1 ጉጥ ወጣ ያለው የመሠረቱ ደረጃ። ደረጃው የመስቀሉን ቅርጽ እየተከተለ ይዙር እንጂ ካሬ እንዳታደርጉት።

ጣሪያው፦ የክንፉ ውስጥ ስፋት 6 ጉጥ ስለሆነ 2 በ8 ፕሌት ከግድግዳ ግድግዳ በየጎኑ 1 ጉጥ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ከዚያ በላይ ሌላ ንብርብር ፕሌት በተቃራኒው አቅጣጫ። መሃል ላይ ግን በጥጎቹ ብቻ የተያዘ 6 በ6 ባዶ አለ፤ ከውስጥ አንድ የግራጫ ምሰሶ እስከ ጣሪያው አቁሙለት፣ አለዚያ መስቀሉን ስትጫኑ መሃሉ ይሰረጉዳል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጉጡን በብዛት በታይል ሸፍኑና በየክንፉ ጫፍ ጥቂት ጉጥ ብቻ ተዉ፤ ጣሪያው እንደ ክዳን ይነሣል። የሦስቱ መስቀል መስመር በጠቅላላ 300 ጉጥ ታይል ነው፦ የውጩ 116፣ የመካከለኛው 100፣ የመሃሉ 84። ታይሉን ከመግዛታችሁ በፊት በካሬ ደብተር ላይ አንድ ካሬ አንድ ጉጥ አድርጋችሁ ሣሉት። ኮምፒዩተር ካላችሁ የብሪክሊንክ ስቱዲዮ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ የጡቡን ዝርዝር ራሱ ቆጥሮ ያወጣል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አኒሜሽኑን በተመለከተ፦ በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል፣ ስለዚህ 10 ሰከንድ ማለት 120 ፎቶ ነው። ስልኩ ላይ ፎከሱን፣ ብርሃኑንና የቀለም ሚዛኑን ቆልፉ፤ ካልተቆለፈ ምስሉ ይርገበገባል። የደሴ ደመና በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ በመስኮት ብርሃን አትሥሩ፣ መጋረጃ ዘግታችሁ በመብራት። ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ካሜራው አጠገብ ሲንቀሳቀስም ብርሃኑ ይቀየራል፣ ጠቆር ያለ ልበሱ። ስልኩን በእጅ ሳትነኩ በጆሮ ማዳመጫው የድምፅ ቁልፍ ማንሣት ይቻላል፣ አብዛኛው ስልክ ይቀበላል።

ለሰዎቹ ከኒንጃጎ ከረጢት ነጩን ኒንጃ፣ ዜንን፣ ፈልጉ፤ ጭምብሉን ካወለቃችሁት ሰውነቱ ነጭ ስለሆነ ለምእመን ይሆናል። ነጠላ ከፋርማሲ ፋሻ ይወጣል፦ 3 በ6 ሴንቲ ቆርጣችሁ ጠርዙን በቀጠነ ኮላ ንከሩት፣ ክሩ አይተረተርም፣ ሲደርቅም በትከሻው ላይ ያጣጠፋችሁትን ቅርጽ ይይዛል። ጨርቁ ካልጠጠረ በየፎቶው መካከል ይነቃነቅና ነፋስ የሚነፍስ ይመስላል።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሲጓጓዝ እንዳይፈርስ ጡቡን በኮላ ማጣበቅ ያስፈልጋል?

ሸዋ በር (ደሴ)

አያስፈልግም፤ ደግሞም የተጣበቀ ጡብ ሲሰበር መተካት አይቻልም። ጣሪያውን ለብቻ አንሡት፣ ምሰሶውን አውጡ፣ ውስጡን በፎጣ ሙሉት። ቤዝፕሌቱ ስስ ስለሆነ በጫፉ ይዛችሁ እንዳታነሡት፤ ይታጠፍና የመጀመሪያው ረድፍ ይነቀላል። 26 በ26 ሴንቲ ኤምዲኤፍ ከሥሩ አስገቡና በእሱ ተሸከሙት። በሚኒባስ ከሆነ ጭን ላይ ይሁን እንጂ ፖርቶ መጋላ ላይ አይጫን።