ታሞ መርፌ የተወጋ በሬ ለቅርጫ መቼ ይደርሳል?

ከጣና ዳር ከብት አርቢ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለፋሲካ ቅርጫ ከጎረቤቶቼ ጋር ያቆየነው የፎገራ በሬ ጾሙ ሳይጋመስ ትኩሳት ይዞት፣ መኖ ትቶና ትንፋሽ አጥሮት ስለነበር ሐኪም ጠርተን ረጅም ጊዜ የሚሠራውን 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አስወጋነው። በጠርሙሱ ላይ ለሥጋ 28 ቀን ይጠበቅ ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም ከበዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ይሞላል። ይሁንና ትኩሳቱ ቢለቀውም በሬው ከስቷል፤ የሐይቁ ውኃ በሸሸበት ረግረግ ላይ የሚግጥ በመሆኑም የጉበት ትል ሳይኖርበት አይቀርም። ቀኑ ስለሞላ ብቻ የመድኃኒቱ ቅሪት ከሥጋው ወጥቷል ማለት ይቻላል? ከቅርጫው ተካፋዮች ብዙዎቹ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። በጠርሙሱ ላይ ያለው ቀን የተወሰነው ጤነኛ ከብቶች በታዘዘው መጠን ተወግተው፣ በተለያየ ቀን ታርደው፣ ሥጋቸው፣ ጉበታቸው፣ ኩላሊታቸውና የተወጉበት ቦታ ተመርምሮ ነው። የእርስዎ በሬ ከእነዚያ ወገን አይደለም። ኦክሲቴትራሳይክሊን በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት በኩል ሲሆን፣ ትኩሳት ያደከመውና ውኃ ያጠረው ከብት ወደ ኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ይዘገያል፤ መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ በእጥፍ ከረዘመ የመጠበቂያው ቀንም ወደ እጥፍ ይጠጋል። የጉበት ትል ደግሞ የሐሞት ቱቦዎችን ያቆስላል፣ መድኃኒት የሚፈጩትንም የጉበት ኢንዛይሞች ያዳክማል። ይህ በይበልጥ የሚነካው እንደ አልቤንዳዞል ያሉትን በጉበት የሚፈጩ የትል መድኃኒቶች ነው፤ አሁን የትል መድኃኒት ቢያጠጡት ግን የእሱም የመጠበቂያ ጊዜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።

በሽታ ሁሉ ቅሪትን ያቆያል ማለቴ አይደለም። የሚያስቸግረው፣ የታመሙ ከብቶች እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ አንድ ቁጥር ለሁሉም አለመሥራቱ ነው።

ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ በአንድ ኪሎ ሥጋ ውስጥ 200፣ በጉበት 600፣ በኩላሊት 1200 ማይክሮግራም ኦክሲቴትራሳይክሊን ይፈቅዳል። በኩላሊት ከፍ ያለው ቅሪቱ እዚያ ስለሚከማችና ሰው ኩላሊትን ጥቂት ብቻ ይበላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ገና በሬው ሳይበለት ጉበቱ በጥሬው ይቀመሳል። ማብሰልም ቅሪቱን በከፊል ቢቀንሰው እንጂ አያስተማምንም።

ለመሆኑ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ቦታ ተወጋ?

ወተት አቅራቢ፣ ዘንዘልማ

በወተትም ያው ነው። ጡቷ ያበጠ ላም ፔኒሲሊን በጡቷ ጫፍ ሲገባላት፣ የታመመው ጡት ወተቱን ስለሚቀንስ መድኃኒቱ በወተት ታጥቦ የሚወጣበት ፍጥነትም ይቀንሳል። የአንዲት እንዲህ ያለች ላም ወተት ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎብን እርጎው ሳይረጋ እንደ ቀጠነ ቀርቷል፤ መድኃኒቱ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ስለሚያግድ ነው። እርጎው ረጋ ማለት ግን ወተቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹን የማያግድ ጥቂት ፔኒሲሊን እንኳ አለርጂ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። «አፍልቼዋለሁ» የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ ማፍላት ጀርሙን እንጂ ፔኒሲሊኑን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም። እኛ ዘንድ የታከመችው ላም ቀኗ እስኪያልፍ በአንገቷ ቀይ ጨርቅ ይታሰርላታል፤ ማለዳ በጨለማ የሚያልበው ልጅም አይሳሳትም።

ከጣና ዳር ከብት አርቢ

እናመሰግናለን ዶክተር። 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሁሉም በአንገቱ በግራ በኩል በአንድ ቦታ። ቦታው እስካሁን እንደ እንቁላል ደድሮ በእጅ ይዳሰሳል።

የእንስሳት ሐኪም፣ ባሕር ዳር

ለ300 ኪሎ በሬ መጠኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ አይወጋም። በደደረው ሥጋ ውስጥ የተቋጠረው መድኃኒት ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ፣ ከሕመሙ ጋር ተደምሮ 28 ቀኑ ለዚህ በሬ አይሠራም። ለፋሲካ ሌላ በሬ ይግዙ። ይህኛው መኖውን በደንብ በልቶ ሥጋ እስኪመልስና እብጠቱ እስኪጠፋ፣ ከቀኑም ቢያንስ እጥፉ እስኪያልፍ ይቆይ፤ ሲታረድም ከጓሮ ይልቅ በቄራ ቢሆንና ከእርድ በፊትም በኋላም ቢመረመር ይሻላል። የተወጋበት የአንገቱ ሥጋ ተቆርጦ ይቀበር እንጂ ለውሻ እንኳ አይሰጥ።