አሮጌው የአትክልት ትራክተር ባትሪውን አይሞላም፤ ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ የብረት መንኮራኩር) ከማስፈታቴ በፊት ምን ልመርምር?

ጠያቂ፣ ከመራዊ

እንደምን ሰነበታችሁ። በቆጋ መስኖ አካባቢ የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ እያፈላን የምንተዳደር ቤተሰብ ነን። ችግኙን፣ ፍጉንና ውኃውን የምናመላልሰው ከሌላ ሰው እጅ በገዛነው አንድ አሮጌ የአትክልት ትራክተር ነው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ሲሆን የሚነሳውም በሞተሪኖ ነው። ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ በላዩ ያለውን ሁሉ ፈታትተን ዝገቱን ፈቅፍቀን የሞተሩን ሽፋን ጭምር አረንጓዴ ቀለም ቀብተነው ነበር። ክረምቱን ብዙም ሳይሠራ ከረመ። ከመስከረም ወዲህ ግን ባትሪው በሁለትና በሦስት ቀን ሥራ ይደክማል፤ ሞተሪኖው ማዞር ያቅተዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞተሩ ጭነት እንደያዘ መንገድ ላይ ይጠፋል። ባትሪው አርጅቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ እርሱም በሳምንቱ እንደ አሮጌው ሆነ።

አንድ መካኒክ አይቶት «ዲናሞው ተቃጥሏል፤ ቮላኖው መፈታት አለበት» አለኝ። እኔ ግን እንደ መኪና በቺንጋ የሚዞር ዲናሞ በዚህ ሞተር ላይ አላየሁም። የሚታየኝ ከቮላኖው ሥር የሚወጡ ሁለት ሽቦዎችና እነርሱ የሚገቡበት፣ ጀርባው ክንፍ ክንፍ ያለው፣ ባለ ሦስት እግር ትንሽ የብረት ሣጥን ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር ዕቃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ደህናውን ጥዬ ሌላ እንዳልገዛ እሰጋለሁ። ቴስተር አለኝ፤ ቮልት መለካትም እችላለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ ቮላኖውን ገና አያስፈቱ። የእርስዎ ሞተር ዲናሞ ያለው ራሱ ቮላኖው ውስጥ ነው። በቮላኖው የውስጥ ዙሪያ ማግኔቶች ተለጥፈዋል፤ ከሥሩ ደግሞ ከማይዞረው የሞተሩ አካል ጋር የታሰሩ የመዳብ ጥቅልሎች አሉ። ማግኔቶቹ በጥቅልሎቹ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ተለዋጭ (ኤሲ) ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ሁለቱ ሽቦዎች የሚያወጡትም ይህንኑ ነው። ሣጥኑ ሬጉላተር ነው። ተለዋጩን ወደ ቀጥተኛ (ዲሲ) ይለውጣል፣ ቮልቱ ከልክ አልፎ ባትሪውን እንዳያፈላ ይገድባል፣ ከዚያም በመካከለኛው እግሩ ወደ ባትሪው ይልካል። ቮላኖውን በመዶሻ እየመቱ የሚያወጡ ሰዎች ማግኔቱን ሲሰነጥቁ አይቻለሁ። ስለዚህ ማስፈታት የሚገባው ልኬቱ ወደዚያ ሲያመለክት ብቻ ነው።

ሞተሩ መንገድ ላይ መጥፋቱ ደግሞ ማቀጣጠያው ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ከባትሪው መሆኑን የሚያመለክት ይመስለኛል፤ ባትሪው ሲወርድ ካንዴላው የሚያገኘው ብልጭታ ይደክማል።

አስቀድመው ባትሪውን በቻርጀር ሙሉ ለሙሉ ይሙሉትና ጥቂት ሰዓት ያሳርፉት። ጤነኛና ሙሉ ባትሪ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ በደከመ ባትሪ ላይ የሚወሰድ ልኬት ሁሉ ያሳስታል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው፣ ጋዙን ሙሉ ሰጥተው፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይለኩ። ከ13.8 እስከ 14.7 ባለው መካከል ካሳየ የመሙላት ሥራው ደህና ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉላተሩን ይጠርጥሩ። ካረፈበት ብዙም ካልጨመረ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ሞተሩን አጥፍተው ሁለቱን ሽቦዎች ከሬጉላተሩ ይንቀሉ፤ ጫፎቻቸው እርስ በርስም ከብረትም ጋር እንዳይነካኩ አድርገው ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ ያዙሩና እንደገና አስነስተው በሁለቱ መካከል ይለኩ። ለንጽጽር ያህል፣ ባለ 15 አምፔር ባትሪ መሙያ ያላቸው የኮህለር ኩባንያ ሞተሮች በደቂቃ 3600 ዙር ላይ 28 ቮልት ኤሲ ወይም ከዚያ በላይ መስጠት አለባቸው። በዝቅተኛ ዙር ከለኩ ቮልቱም በዚያው መጠን ይወርዳልና እንዳይደናገጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሽቦ ወደ ሞተሩ ብረት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) ይለኩ፤ ምንም መተላለፍ መኖር የለበትም፤ ካለ ጥቅልሉ ብረት ነክቷል። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ኦም እጅግ ጥቂት ስለሆነና የርካሽ ቴስተር ሽቦ ራሱ ያንኑ ያህል ስለሚያሳይ፣ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርተው አይወስኑ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራል ወይ» ብሎ መሞከር በየጋራዡ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን ሬጉላተር ሊያቃጥል ይችላልና አያድርጉት። የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አፈራርቆ ማሰርም እንዲሁ በአፍታ ያበላሸዋል።

መልስ፣ ከዳንግላ

የፍኖተ ሰላሙ ወንድማችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔን የቆረቆረኝ ግን ጠያቂው እንደ ቀላል ነገር የጠቀሱት ቀለም ነው። የሬጉላተሩ ሦስት እግሮች ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ ናቸው፤ ኔጌቲቩ የሚያልፈው በሣጥኑ አካልና በታሰረበት ቡሎን በኩል ነው። መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት ይኸው ነው። ሽፋኑ ተቀብቶ ሣጥኑ በቀለሙ ላይ ተመልሶ ከታሰረ መንገዱ ይዘጋል ወይም ይጠብባል። ሞተሩ በሙሉ ጋዝ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሣጥኑ ባዶ ብረት ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርገው ዲሲ ቮልት ይለኩ። ዜሮ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም፤ ከ0.2 ከበለጠ ማሳው ታማሚ ነው።

ትራክተሩ የሚያድረው ጭድ ባለበት ቤት ከሆነ ሽቦዎቹንም እስከ መጨረሻ በእጅዎ ይዳብሱ። የእኛን የሣር ማጨጃ ዓይጥ ሁለት ጊዜ በልቶብናል።

ጠያቂ፣ ከመራዊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪውን ሌሊቱን ሞልቼ፣ ጠዋት እንዳላችሁት ለካሁ። ባትሪው ሲያርፍ 12.6 ነው። ሞተሩ በሙሉ ጋዝ፣ መብራቱ በርቶ 12.7 ብቻ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተነቅለው 31 ቮልት ኤሲ ይሰጣሉ፤ ወደ ብረትም ምንም አያስተላልፉም። ከሣጥኑ አካል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ግን 1.6 ቮልት አነበብኩ። ሽቦዎቹ በዓይጥ አልተነኩም።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

የዳንግላው ወንድማችን በትክክል ደርሰውበታል። 31 ቮልት ካገኙ ጥቅልሉም ማግኔቱም ጤነኞች ናቸው፤ ቮላኖው የሚፈታበት ምክንያት የለም። ሬጉላተሩም ሥራውን እየሠራ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርዎት። ሣጥኑ ቮልቱን የሚለካው በመውጫ እግሩና በራሱ አካል መካከል እንጂ በባትሪው ጫፎች ላይ አይደለም። በባትሪው ላይ ያገኙት 12.7 ከጠፋው 1.6 ጋር ሲደመር 14.3 ይሆናል። ሣጥኑ በእርሱ ዘንድ 14.3 ደርሷልና በቃኝ ይላል፤ ባትሪው ግን ከዚያ ውስጥ 12.7 ብቻ ይደርሰዋል። አዲስ ሬጉላተር ገዝተው በዚያው ቀለም ላይ ቢያስሩት ኖሮ ያው ችግር ይመለስ ነበር።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉ። ከዚያ ሣጥኑን ፈትተው ጀርባውንና የሚቀመጥበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አይርሱ። ሽፋኑ ራሱ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በተቀባ ቡሎን ከሆነ ደግሞ ጠንከር ያለ ሽቦ ከሣጥኑ ቡሎን በቀጥታ ወደ ሞተሩ ብሎክ ይሳቡ። ካሰሩ በኋላ ከውጭ በኩል ጥቂት ግሪስ ይቀቡት፤ የእኛ አገር ክረምት ረጅም ነው፤ ባዶ ብረት ቶሎ ይዝጋል።

ጠያቂ፣ ከመራዊ

ፈትቼ ሳየው ሣጥኑ የተቀመጠው በወፍራም ቀለም ላይ ነበር፤ ከብረት ጋር የሚነካካው በአንዱ ቡሎን ጥርስ ብቻ ነበር። ፈግፍጌ አሰርኩት፤ ወደ ብሎኩም ሽቦ ሳብኩለት። አሁን በሙሉ ጋዝ፣ መብራቱ በርቶ ባትሪው 14.2 ያሳያል፤ ከሣጥኑ አካል ወደ ኔጌቲቭ ያለውም 0.04 ሆኗል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ፍግ ሲያመላልስ ዋለ፤ ዛሬ ጠዋት ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ አዞረው። የጣልኩትን አሮጌ ባትሪም ከጥግ አውጥቼ ሞላሁት፤ ሁለት ሌሊት አድሮ 12.5 ላይ ነው፤ በጭነት ሞክሬው ከያዘ ለችግኝ ጣቢያው የማታ መብራት አደርገዋለሁ።