የኢላማ ጨዋታ ቀን ላዘጋጅ ብዬ ግራ ገብቶኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህር ነኝ። ቅዳሜ የልጆች ስፖርት ቀን አለን። ሩጫና ገመድ ጉተታ ሰልችቶኝ «ዘንድሮ የኢላማ ጨዋታ ይሁን» ያልኩት ራሴ ነኝ። አፌን በቆረጠው!

ዕቃው አላስቸገረኝም። የጨርቅ ኳሱን ልጆቹ ራሳቸው ሠርተው አመጡ። ሃይላንድ ደርድሮ መጣል፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ቦቻ እንደሚባለው የኳስ ጨዋታ አንዲት ነጭ ኳስ ቀድማ ትጣልና ሌሎቹን ወደሷ ማስጠጋት። ይህችኛዋን ወደዋታል።

ባለፈው ሳምንት ስሞክረው ግን ጉድ ሆንኩ። የእኛን አገር ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ባዶውን ሃይላንድ ማንም ሳይወረውር ይጥለዋል። አሸዋ ስሞላበት ደግሞ በጨርቅ ኳስ አልነቃነቅ አለ። እስከ ምን ድረስ ልሙላው?

ዋናው ጭንቀቴ ሰልፉ ነው። 54 ልጆች፣ 3 ቦታ፣ እኔና አንዲት ባልደረባዬ። አንዱ ሲወረውር 17ቱ ቆመው ይጠብቃሉ። የቆመ የ7 ዓመት ልጅ ምን እንደሚሠራ አልነግራችሁም። አንዷማ ኳስ ልታነሳ ገብታ ግንባሯን ተመታች። ደግነቱ ጨርቅ ነው።

ቦታውን አብዝቼ 5 5 ልጅ ልመድብ? ነጥቡን ማን ይያዝልኝ፣ የ6ኛ ክፍል ልጆችን ልለምን? ርቀቱስ? በ3 ሜትር ግማሾቹ አይደርስላቸውም፣ በ2 ሜትር ጎበዞቹ ይሰለቻሉ። የሞከራችሁት ካለ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ። ዓርብ ሜዳውን በኖራ አሰምራለሁ።