ጥቆማ፦ ለአደን ቀስት በልኩ የተቆረጠ ፍላጻ ሰሜን ቨርጂኒያ አካባቢ የት ይገኛል?

ጀማሪው_ስፕሪንግፊልድ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ ኮምፓውንድ ቀስት (በመዘውር የሚሳበውን) ገዛሁ። የመሳቢያ ክብደቱ 60 ፓውንድ ላይ ተስተካክሏል፣ ዕቃው ንጹሕ ነው። ፍላጻ ግን አብሮት የለም። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሻለሁ። የቨርጂኒያ የቀስት ወቅት ኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለሚከፈት ከዚያ በፊት በደንብ መለማመድ እፈልጋለሁ። ቀስቴን አይቶ፣ ለክቶ፣ በልኩ የሚቆርጥልኝ ሰው ያለበት ሱቅ የት ነው? ትልልቆቹ ይሻላሉ ወይስ ትንንሾቹ? ኦንላይንስ? በጀቴ ለስድስት ፍላጻ ጫፉን ጨምሮ ወደ 150 ዶላር ነው።

አንበሳው_አሌክሳንድሪያ
ጌይንስቪል ያለው ካቤላስ ሱቅ ሂድ፣ አለቀ። እኔ ሌላ ቦታ ገዝቼ አላውቅም። የቀስት ክፍል አላቸው። ፓርኪንጉ ሰፊ ነው። የዓሣ ማጥመጃህንም በዚያው ትገዛለህ።

ሸገር_ማናሳስ
ወንድሜ ተጠንቀቅ። አምና አንድ ሱቅ ገባሁ፣ ስሙን አልጠራም። 70 ፓውንድ ቀስት ይዤ ነው የሄድኩት። ባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ቀስቱን ከሻንጣው አውጣው እንኳን አላለኝም። «ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው» ብሎ 500 የሚል የተጻፈበት ስድስት ፍላጻ ሸጠልኝ። አጠር አድርጎም ቆረጠው። መለማመጃ ቦታ ስተኩስ ፍላጻው እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ ነው የሚሄደው። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አስቆሙኝና ፍላጻውን ተቀብለው አዩት። ቀስቱ ላይ ያለውን ቁጥርም አዩ። «ይሄን ደግመህ እንዳትተኩስ፣ እጅህ ላይ ይሰበራል» አሉኝ። ልመልስ ብሄድ «የተቆረጠ ዕቃ አንመልስም» ተባልኩ። እስካሁን ያናድደኛል።

ቢኒ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
የትኛው ሱቅ ነው? በውስጥ ንገረኝ።

ኪያ_ዉድብሪጅ
እኔ ገመቴን አውቄዋለሁ 😡 እኔንም እንደዚሁ አድርገውኛል፤ የእኔ ግን ጫማ ነበር።

አንበሳው_አሌክሳንድሪያ
ሸገር፣ ካቤላስን ከሆነ አላምንም። እዚያ ያሉት ልጆች ያውቁኛል፣ በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ሸገር_ማናሳስ
ካቤላስ አላልኩም። ሱቁን አልጠራም አልኩ፣ አልጠራም። የምለው ቀስትህን ሳያይ ፍላጻ የሚሸጥልህ ሰው ዘንድ አትቁም ነው።

እቴጌ_ፎልስ_ቸርች
ሰውዬው ስለ ፍላጻ ጠየቀ፣ የተነገረው ስለ ፓርኪንግ ነው። አጋዘኑ መኪና ይዞ ከመጣ ምክሩ ይጠቅመው ይሆናል።

የወንዙ_ልጅ
እስቲ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጀማሪው፣ ሱቅ ከመምረጥህ በፊት ሦስት ነገር ከቀስትህ አንብበህ ያዝ፤ የመሳቢያ ክብደቱን፣ የመሳቢያ ርዝመቱን፣ የምትጠቀመውን የጫፍ ክብደት። እነዚህን ሳይጠይቅህ ፍላጻ የሚያወጣልህ ሰው ገና ሥራውን አልጀመረም።

ሸገር ላይ የደረሰው ምን እንደሆነ ልንገርህ። ካርቦን ፍላጻ ላይ 500፣ 400፣ 340፣ 300 የሚል ቁጥር አለ። ስፓይን ይሉታል፣ የዘንጉን ግትርነት ነው የሚለካው። ዘንጉን በ28 ኢንች ርቀት ሁለት ቦታ ላይ ያሳርፉትና መሐሉ ላይ 1.94 ፓውንድ ያንጠለጥሉበታል። 0.400 ኢንች ከጎበጠ 400 ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘንጉ ይበልጥ ግትር ነው። ብዙ ሰው 500 ትልቅ ስለሆነ ጠንካራ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

ፍላጻ ሲረዝም ይለሰልሳል። ጫፉ ሲከብድም እንደዚያው። ለ60 ፓውንድ ቀስት፣ 28 ኢንች አካባቢ ለሚቆረጥ ዘንግና ለ100 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ ነው) ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ 400 ይወጣል። 70 ፓውንድ ላይ ስትደርስ ወይም 125 ግሬን ጫፍ ስታደርግ ወደ 340 ትወርዳለህ። ፍላጻ አምራቾቹ ኢስተንም ጎልድ ቲፕም ሰንጠረዣቸውን በነጻ አውጥተውታል፣ አምራቹ ያወጣውን ተመልከት።

ክብደቱንም እንዳትረሳ። ፍላጻው ከነጫፉ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ቢያንስ 5 ግሬን ይፈልጋል። የአንተ ከ300 ግሬን በታች አይሁን። ከዚያ ከቀለለ ቀስቱ ራሱ ይጎዳል፣ ገመዱን ያለ ፍላጻ ባዶውን እንደ መልቀቅ ይሆናል። ለአደን ደግሞ ክብደቱን 400 ግሬንና ከዚያ በላይ ብታደርገው ጥሩ ነው፤ አጋዘኑ ላይ በደንብ ይገባል።

ጀማሪው_ስፕሪንግፊልድ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄ ነው የፈለግኩት። የመሳቢያ ርዝመቴን ግን በምን አውቃለሁ? ቀስቱ የሌላ ሰው ነበር።

የወንዙ_ልጅ
ሁለት እጅህን ወደ ጎን ዘርጋ፣ ሳትለጠጥ። ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች አስለካና ለ2.5 አካፍለው። 70 ከሆነ 28 ይወጣል። ይሄ መነሻ ነው። ሱቅ ውስጥ ቀስቱን እያስሳቡ ያስተካክሉታል። የቀድሞው ባለቤት ረጅም ከነበረ መጀመሪያ ቀስቱ ወደ አንተ ይስተካከል፣ ፍላጻው ከዚያ ይቆረጥ። ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው ገንዘብህን ሁለት ጊዜ ታወጣለህ።

ማሜ_ሎርተን
እኔ ዎልማርት ነው የገዛሁት፣ ምንም አልሆንኩም። ሰው ነገር ያካብዳል።

ሸገር_ማናሳስ
ማሜ፣ እኔም ሽማግሌው እስኪያዩልኝ ድረስ ምንም አልሆንኩም ነበር። ሁላችሁም ከመተኮሳችሁ በፊት ካርቦኑን እያዞራችሁ ጎንበስ ጎንበስ አድርጉት። ድምፅ ከሰጠ ወይም ጭረት ካያችሁበት ሰብራችሁ ጣሉት። ካርቦን ሲሰበር ስንጥሩ ክንድ ውስጥ ይገባል። ፎቶዎቹን አይቻለሁ፣ አላሳያችሁም።

ቢኒ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
አሁንም ሱቁን አልነገርከኝም።

ቀሲስ_ሳይሆን_ልጃቸው
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። የአጋዘን ሥጋ ለእኛ ይበላል ወይ? በቀስት የሞተ በክት አይሆንም?

እማማ_የሺ_አናንዴል
ልጄ፣ እንስሳው ራሱ አይከለከልም። ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ጋር ተቆጥረዋል። ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው። አሟሟቱን በተመለከተ ግን የንስሐ አባትህን ጠይቅ። የእኛ አገር አዳኞች ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ያርዱ ነበር። ባለቤቴ ዛሬም ቢላዋውን ሳይዝ አይወጣም።

ደግሞ ክትፎ እንዳታደርጉት። የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ ፍሪዘር ውስጥ ቢከርምም ተውት። ስብ ስለሌለው ለጥብስ ቅቤ ጨመር አድርጉበት። ለቋንጣ ግን ወደር የለውም፤ ስብ የሌለው ሥጋ ቶሎ ይደርቃል። ዘልዝላችሁ በሚጥሚጣና በጨው አሽታችሁ ስቀሉት።

ኪያ_ዉድብሪጅ
እማማ፣ ኮረሪማ ይገባበታል?

እማማ_የሺ_አናንዴል
ትንሽ። እንዳይጫነው።

ዳግም_ፍሬድሪክ
ለጀማሪው፦ ኦንላይን ብለህ ስለጠየቅክ። ፔንሲልቬንያ ያለው ላንካስተር አርቸሪ በልክ የተሠራ ፍላጻ ይሸጣል። ዘንጉን፣ ርዝመቱን፣ ላባውን፣ ኖኩን (ገመዱ ላይ የሚሰካውን የኋላ ጫፍ) አንተ ትመርጣለህ፣ እነሱ ገጥመው ይልኩልሃል። ሱቃቸውም እዚያው ነው፣ መንዳት ከቻልክ ቀስትህን ይዘህ ሂድ። በፖስታ ስታዝ አደጋው ልኩን የምትሰጠው አንተ መሆንህ ነው። ርዝመት የሚለካው ገመዱ ከሚገባበት ከኖኩ ጉድጓድ ሥር እስከ ዘንጉ መጨረሻ ነው፣ ጫፉ አይቆጠርም። ይሄን የሚሳሳት ብዙ ነው።

ትልልቆቹን በተመለከተ፣ ካቤላስም አረንደል ሚልስ ያለው ባስ ፕሮም የአንድ ኩባንያ ናቸው፤ ባስ ፕሮ በ2017 ነው የገዛው። ስለዚህ የትኛው ይሻላል ብሎ መጣላት ትርጉም የለውም። በዚያ ሰዓት ባንኮኒው ጋ ማን እንደቆመ ነው የሚለየው። አስቀድመህ ደውልና «ፔፐር ቱኒንግ ታደርጋላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ሁለት ሜትር ከማይሞላ ርቀት በተወጠረ ወረቀት ውስጥ ያስተኩሱሃል። ቀዳዳው ክብ ሆኖ ሦስቱ ላባ ብቻ ከተሰነጠቀ ፍላጻህ ቀጥ ብሎ እየወጣ ነው። ወደ ጎን ከተቀደደ የሆነ ነገር አልተስማማም። «ምን እያልክ ነው?» ካሉህ ስልኩን ዝጋ።

አንበሳው_አሌክሳንድሪያ
የአንድ ኩባንያ ቢሆኑም የእኔ ጌይንስቪል ነው። ባስ ፕሮ ሄጄ አላውቅም፣ አልሄድምም።

ማሜ_ሎርተን
ዘንጉን ገዝቼ ቤቴ በብረት መጋዝ ብቆርጠውስ? ሃያ ምናምን ዶላር ይተርፋል።

የወንዙ_ልጅ
ማሜ፣ አይሆንም። የብረት መጋዝ ካርቦኑን ይሰነጥቀዋል። ፈጣን የሚሽከረከር ቀጭን ዲስክ ነው የሚፈልገው። አቧራውም ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። ከተቆረጠም በኋላ የዘንጉ መጨረሻ ቀጥ ብሎ ካልተስተካከለ ብሮድሄዱ (ስለት ያለው የአደን ጫፍ) ይጣመማል። ሱቅ ስትገዛ ብዙ ቦታ በነጻ ወይም በትንሽ ብር ይቆርጡልሃል፣ ለምን ትደክማለህ?

ጀማሪው፣ ብሮድሄድ ስትገዛ ደግሞ የቨርጂኒያን ሕግ አስታውስ። ለአጋዘን ስፋቱ ከ7/8 ኢንች ማነስ የለበትም። የልምምዱ ጫፍም የብሮድሄዱን ያህል ይመዝን። በ100 ተለማምደህ በ125 ከወጣህ የምትመታበት ቦታ ይለያል።

እቴጌ_ፎልስ_ቸርች
ቅድም ነገር ተናግሬያለሁ፣ አሁን ቁም ነገር ልጨምር። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የምትኖር ከሆነ የካውንቲውን የአጋዘን ቅነሳ የቀስት ፕሮግራም እይ። በፓርኮች ውስጥ ከዛፍ ላይ ሆነው የሚያድኑ ቡድኖች አሉ። ለመግባት የተኩስ ፈተና አለው። እዚያ ያሉት ሰዎች ቀስት የሚያስተካክለውን ሁሉ ያውቃሉ፣ እነሱን ብትጠይቅ ከእኛ ይበልጥ ይጠቅሙሃል።

ጀማሪው_ስፕሪንግፊልድ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እጄን አስለክቼ 27.5 ወጣ፣ ቀስቱ ላይ የተጻፈው ግን 29 ነው። ቅዳሜ አንድ ሁለት ቦታ እደውላለሁ። እማማ የሺ፣ ለቋንጣው ገና ነኝ 🙏

የወንዙ_ልጅ
29 ከሆነ ለአንተ ረጅም ነው። ገመዱ ክንድህን ይገርፍሃል። ሞጁሉ (የመሳቢያውን ርዝመት የሚወስነው የመዘውሩ ክፍል) የሚዞር ዓይነት ከሆነ በቀላሉ ይስተካከላል፣ ካልሆነ ሌላ ሞጁል ይገዛል። ከመሄድህ በፊት የቀስቱን ሞዴል እዚህ ጻፍልኝ።

ሸገር_ማናሳስ
የት እንደገዛህ ንገረን። እኔም ስድስት እፈልጋለሁ።

ቢኒ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
ጀማሪው ገዛህ እንዴ?

ትዕግስት_ቡርክ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ባለቤቴ ክሮስቦው (እንደ ጠመንጃ በምላጭ የሚተኮሰው ቀስት) ነው ያለው። ለእሱም ይሄ የስፓይን ቁጥር ይሠራል ወይስ ሌላ ነው?

ዳግም_ፍሬድሪክ
እህቴ፣ ለክሮስቦው አምራቹ በመመሪያው የጻፈውን ርዝመት፣ ክብደትና የኖክ ዓይነት ብቻ ተከተሉ። በተለይ ኖኩን። ልሙጥና ግማሽ ጨረቃ የሚባሉ አሉ፣ የማይሆነው ከገባ ገመዱ ከላይ ሊያልፈው ይችላል። መመሪያው ከጠፋ ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።