ድሮኑ አንድ ቦታ አልቆም አለኝ፣ ቶሎ እርዱኝ!

ቸኳዩ፦ ወገን፣ በናታችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የሶላር ፓነል ምርመራ ላይ ነኝ። ድሮኑን ላስነሳ ስል «የኮምፓስ ችግር» ይላል። ቸል ብዬ አስነሳሁት። ሪሞቱን ስለቀው ክብ እየሠራ ይዞራል፤ ክቡ ደግሞ እየሰፋ ይሄዳል። ሁለቴ በመከራ ነው ያወረድኩት። ትናንት ሜዳ ላይ ምንም አልነበረውም። ባለቤቶቹ ቆመው እያዩኝ ነው!

ሰማዩ፦ ኮምፓሱን ካሊብሬት አድርገው፣ ማለትም አቅጣጫውን እንደ አዲስ እንዲያስተካክል አድርገው።

ባለባትሪው፦ መጀመሪያ ባትሪህን እንይ። የተለመደው የሊቲየም ፖሊመር ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ወደ 3.5 ሲወርድ ድሮኑን ማሳረፍ ነው። ሞልቶ ለሳምንታት አይቀመጥም፤ 3.8 አካባቢ አድርገህ አስቀምጠው። ያበጠ ከሆነ ደግሞ...

ቸኳዩ፦ ወንድሜ፣ ባትሪው ደህና ነው!!

መሰላል፦ ለፓነል ድሮን ምን ያደርጋል? መሰላል አቁመህ ውጣና በስልክህ አንሳው።

ቸኳዩ፦ ወጥቻለሁ እኮ! ቆርቆሮው ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ፓነሎቹ ከ400 በላይ ናቸው፣ አይረገጡም። በሙቀት ካሜራ ነው የማያቸው፤ የተበላሸው ሴል ከጎረቤቱ ሞቆ ይታያል። ይሄንን በስልክ አንሳልኝ እስቲ።

ቀልደኛው፦ ቆርቆሮ አልክ? በቃ፣ ኮምፓስህ ሰሜንን ትቶ ብረት ወዷል 😂 ጂፒኤሱ ለድሮኑ የት እንዳለ ይነግረዋል። ፊቱ ወዴት እንደዞረ የሚነግረው ግን ኮምፓሱ ነው። እሱ ሲዋሽ ድሮኑ ቦታዬ ልመለስ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ላስተካክል ሲል እንደገና ይስታል። ክቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ካሊብሬሽኑን እዚያው ብረት ላይ እንዳታደርገው፣ ይብስብሃል! ውረድና ባዶ አፈር ላይ አስቀምጠው፤ ከመኪናም፣ ፌሮ ካለበት ኮንክሪትም ራቅ በል። መልእክቱ ከጠፋ ካሊብሬሽንም አያስፈልግህ ይሆናል። አየር ላይ ደግሞ መዞር ከጀመረ፣ ያለ ጂፒኤስ የሚበርበት ሞድ ካለው ወደዚያ ቀይረህ በእጅህ አውርደው። ያኔ ንፋስ ይወስደዋልና ጣትህ ከሪሞቱ አይነሳ።

ሰማዩ፦ እኔም ያልኩት እሱን ነው። ካሊብሬት አድርገው።

ዝምታ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮኑ ከፍታ የሚቆጥረው ከተነሳበት ቦታ ነው። ጣራው ላይ ሆነህ ወደ ቤት መመለሻውን (ድሮኑ ራሱ ወደተነሳበት ሲመለስ የሚበርበትን ከፍታ) 10 ሜትር ሞልተኸው ከነበረ፣ ከመሬት ስታስነሳው ያው 10 ሜትር ግድግዳው መሃል ሊሆን ይችላል። ሳትነሳ ቀይረው።

ቸኳዩ፦ ኧረ ተባረክ! እውነትም 10 ነበር። ወርጃለሁ። መልእክቱ ጠፍቷል። ላስነሳው ነው፣ መጣሁ።

መሰላል፦ እኔ አሁንም መሰላል ነው የምለው።

ቀልደኛው፦ (ከሦስት ቀን በኋላ) አንተ ሰው፣ ድሮኑ ወረደ ወይስ እየዞረ ነው?

ባለባትሪው፦ ባትሪውንስ 3.8 ላይ አስቀመጥከው?