የወርቅ ቅንጣቶቹ በካንሰር ሕዋሱ ላይ አይታዩም፤ ቶሎ እርዱኝ

ጠያቂ፦ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ በእጄ ያለው እስከ ማታ ብቻ ነው። በኤስኬ-ቢአር-3 የጡት ካንሰር ሕዋሶች ላይ ያለውን ሄር-2 ፕሮቲን ትራስቱዙማብ በተባለው ፀረ እንግዳ አካል ይዤ፣ እርሱን እንዲይዝ 10 ናኖሜትር ወርቅ የተሸከመ ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ጨመርሁበት። የሕዋሱ ገጽ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ወርቁ ግን የለም! ያልተነካ ሌላ ሳህን ሕዋስ አለኝ። ምን ላድርግ?

የድሮው መምህር፦ ተመራማሪዎቹ ፎልክና ቴይለር በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ዘዴ ሲያስተዋውቁ የተማመኑት በወርቅ ክብደት ነው። የወርቅ አቶማዊ ቁጥር 79፣ የካርቦን 6 ነው፤ ስለዚህ ወርቅ ብዙ ኤሌክትሮን ወደ ኋላ ይመልሳል። ተራው የኤሌክትሮን መቀበያ የሚያሳይሽ ቅርጽን ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሱትን ኤሌክትሮኖች በሚይዘው መቀበያ ተመልከቺ።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በእርሱም አየሁ። ምንም የለም።

ብርሃን፦ ናሙናው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ብለሽ በወርቅ ቀብተሽው እንዳይሆን! ጨውን ባሕር ውስጥ መፈለግ ነው የሚሆነው። በካርቦን ቀቢው።

ታጋሽ፦ እኔም ካርቦን እላለሁ።

ጠያቂ፦ የቀባሁት በካርቦን ነው።

ሞጋች፦ ለምን በኤሌክትሮን? የፕሮቲኑን ብዛት በፍሎረሰንስ፣ ማለትም በሚያበራ ቀለም፣ መለካት ይቀላል።

ጠያቂ፦ ብዛቱን አይደለም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መቆሙን ነው ማየት የምፈልገው።

ሞጋች፦ እንግዲያው ተጠንቀቂ። ትራስቱዙማብ ሁለት ክንድ ስላለው ራሱ ሁለት ፕሮቲኖችን ሊያጣምር ይችላል። ሁለቱ ፀረ እንግዳ አካላት ሲደራረቡም ወርቁ ከፕሮቲኑ እስከ 20 ናኖሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል። ከዚህ የጠበበ ርቀት ላይ «ጥንድ ነው» ብሎ መጻፍ ያስነቅፋል፤ በዚህ አልስማማም።

ወለላ፦ ክርክሩ ይቆየን፣ ሰዓቷ እያለቀ ነው። እኅቴ፣ ወርቅሽን ሌባ አልወሰደውም፤ ምናልባት ከመነሻው አልተያዘም። ሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል የየትኛውን ዝርያ ነው የሚይዘው? ትራስቱዙማብ ወደ ሰው ፀረ እንግዳ አካል የተለወጠ ነው፤ የአይጥን የሚፈልግ ከሆነ አይይዘውም። ጠርሙሱን አንብቢ። ሌላው ሕዋሱን የሚያጸናው ግሉታራልዲሃይድ ነው፤ አስቀድሞ በብዛት ከገባ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘውን ቦታ ያበላሻል። አዲሱን ሳህን በ4 በመቶ ፎርማልዲሃይድ አጽኚው፣ የተረፈውን ፎርማልዲሃይድ በግላይሲን አጥፊ፣ ወርቁ ከተያዘ በኋላ ብቻ 2.5 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ጨምሪ። ጥቂት ሕዋሶች ያለ ትራስቱዙማብ ይለፉ፤ ያለዚያ የምታዪውን ነጥብ ማመን አይቻልም።

ታጋሽ፦ ካርቦኑም ስስ ይሁን።

ወለላ፦ ጠያቂ፣ ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፏል?